የሻይስታ ተረካቢ

ሳብዝ አሊን የሰደበው አጎቱ ሐጂ ሚራጅ ነው። የሰደበውም እናቱ በተቀበረች በሦስተኛው ቀን፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ፣ የመንደሩ ወንዶች በሚሰበሰቡበት ሑጅራ ውስጥ፣ የሐዘኑ ሩዝና ሥጋ ቀርቦ እጅ ሁሉ ወደ ትሪው ሲዘረጋ ነው። ሳብዝ አሊ ገና አንድ ጉርሻ ሳያነሳ ሐጂው ሱረቱን ከከንፈሩ ሥር በጣቱ አውጥቶ ጣለና፣ «እህቱን የወህኒ ዘበኛ በስሟ የሚጠራት ወንድ ከእኛ ጋር አይበላም። ጫማ ሠሪ አይደል? በር ላይ ይቁምና ጫማችንን ይደርድርልን» አለ።

ማን ማን እንደሳቀ ሳብዝ አሊ እስከ ዛሬ በስም ያውቃል። ፀጉር አስተካካዩ ሳቀ። አዛን የሚለው ሰውዬ እንኳ ጢሙን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ። የሚያሳርረው ግን የእነሱ ሳቅ ብቻ አይደለም፤ መልስ ለመስጠት መሞከሩም ነው። «እኔ…» ብሎ ጀመረና ድምፁ እንደ ጎረምሳ ተሰነጠቀ። ስለ እህቱ ሊናገር ፈልጎ ሐጂው ስለያዘባቸው መሬት፣ ስለ መሬቱ ሊናገር ፈልጎ ስለ ሟች አባቱ አወራ፤ በመጨረሻም እንባው ቀደመው። ሰዎቹ እየሳቁ በሉ። ተነስቶ ሲወጣ በር ላይ ከተከመሩት ነጠላ ጫማዎች ገሚሱ በገዛ እጁ የሰፋቸው ነበሩ።

ሌላው ሰው ጥሪት ይይዛል፣ ሳብዝ አሊ ቂም ይይዛል። አራተኛ ክፍል ሳለ አስተማሪው ደብተሩን በሁለት ጣቱ እንደ ሞተ አይጥ አንጠልጥሎ፣ «አንተን ከብዕር ወስፌ ይሻልሃል» ብሎት ነበር። በእልህ ትምህርቱን ጥሎ ወጣ፣ ባዛር ገባ፣ ወስፌ ያዘ። አስተማሪው ልክ ሆኖ ቀረ፤ ይኸውም ለሳብዝ አሊ ሁለተኛ ስድብ ሆነበት።

የእህቱ የሻይስታ ነገር የጀመረው በጥይት ነው። የሐጂው ልጅ ዒናያት አንድ ማለዳ በራፋቸው ላይ ቆሞ ጠመንጃውን ወደ ሰማይ አንጣጣና፣ «ሻይስታ የኔ ናት! ሌላ የሚጠይቃት ካለ ደሙ በራሱ ነው!» ብሎ ለመንደሩ አወጀ። በዚያ አገር እንዲህ ከተባለ ወዲያ ሽማግሌ የሚልክ አይገኝም። ልጅቱ ወይ ተኳሹን ታገባለች፣ ወይ በእናቷ ቤት ትሸብታለች። ሻይስታ ግን ሁለቱንም አልወደደችም። በአውቶቡስ ተሳፍራ ከተማ ገባችና አንድ የሴቶች ልብስ ስፌት ቤት ተቀጠረች። ሐጂውም ዝም አላለም፤ «የሚስቴን የወርቅ አምባር ሰርቃ ከሹፌር ጋር ጠፋች» ብሎ ከሰሳት። ፖሊስ ከስፌት መኪናዋ ላይ አንስቶ ወሰዳት።

ጉዳዩ ተጎተተ፣ ተጎተተ፤ ዳኛ ተቀየረ፣ ምስክር ቀረ። በመጨረሻ አምባርም የለም፣ ሹፌርም የለም ተባለና ሻይስታ በነፃ ተሰናበተች። ተሰናበተች እንጂ አልወጣችም። ወንድ እስረኛ ሲፈታ ጥቅሉን ብብቱ ሥር ይዞ በበሩ ይወጣል። ሴት ግን ወንድ ዘመድ መጥቶ እስኪፈርምላት ትቀመጣለች። ሳብዝ አሊ ሄዶ «ወንድሟ ነኝ» ቢል፣ «የቤተሰባችሁ ታላቅ ሐጂው ነው፤ እሱ አልፈቀደም» አሉት። ሐጂው ደግሞ የሚፈቅደው ራሱ ሊወስዳት ብቻ ነው። ወስዶ ምን እንደሚያደርጋት ሳብዝ አሊ ለማንም አልተናገረም፤ በባዛሩ ውስጥ ግን የማያውቅ ሰው አልነበረም። በመንደሩ መቃብር ዳር ስም ያልተጻፈባቸው ድንጋዮች አሉ።

ከዚያ ነው ወደ አንዲት ጠበቃ፣ ወደ ሩክሻንዳ ቢቢ የሄደው። ስለ እሷ ባዛሩ የሚያወራው ብዙ ነው፤ ሁሉም ደግሞ በፌዝ ነው። ገና በወጣትነቷ፣ አልጋ ላይ በሰንሰለት ታስራ የወለደችን አንዲት እስረኛ ይዛ ችሎት ቆማ፣ ሰንሰለቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ዳኛው ጠረጴዛ ላይ ዘርግፋዋለች ይባላል። ወንድ ዘበኞችን ከሴቶቹ ግቢ ያስወጣችው እሷ ናት። ከእናቶቻቸው ጋር ለታሰሩ ሕፃናት ወተት እንዲገባ ያደረገችም እሷ ናት። ለዚህ ሁሉ የተከፈላት ምንድን ነው? «የሌቦች እናት» የሚል ስም! የገዛ ወንድሞቿ ማዕድ ከለከሏት። አንድ ጊዜ ደግሞ አንዱ ዘበኛ «እጄ ሳተ» ብሎ የብረቱን በር እግሯ ላይ ዘጋባት፤ ከዚያ ወዲህ ታነክሳለች። ሳብዝ አሊ ቢሮዋ ሲገባ መጀመሪያ ያየው ይህንን ነው፤ የግራ ጫማዋ ሶል በአንድ ወገን አልቋል።

እሷ ደግሞ ከወረቀቷ ቀና ሳትል፣ «እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» አለችው።

ጸሐፊዋ ሰማ። አግዳሚው ላይ የተቀመጡ ሁለት ሴቶችም ሰሙ። ሳብዝ አሊ ይህንንም ልቡ ላይ ጻፈው።

ጉዳዩን ያዘችለት። እሱ በየቀጠሮው ፍርድ ቤቱ በረንዳ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ጥቁር ኮት የለበሱት ጠበቆች በአጠገቧ ሲያልፉ «ዛሬ ደግሞ የማንን ሚስት ልታስኮበልዪ ነው?» ሲሉ ይሰማል። አንድ ቀን እልህ ይዞት፣ «ቢቢ፣ እርስዎ ሲሰድቡዎት ለምን አይመልሱም?» አላት።

«የሚመልስ ደንበኛ የሌለው ጠበቃ ነው» አለች እያነከሰች፣ «ደንበኛ ያለው ጊዜ የለውም። ና ይልቅ፣ ያንን ፋይል ያዝልኝ።»

መልሷ አላጠገበውም። ለተማረ ሰው ይቀለዋል፤ ኮቱ ይመልስለታል ብሎ አሰበ። ጫማ ሠሪ ካልመለሰ ማን ይመልስለታል?

የፍርድ ቤቱ ትእዛዝ የተገኘው በዒድ ዋዜማ ጠዋት ነው። «በነፃ የተሰናበተችው አዋቂ ሴት ያለ ማንም ፊርማ ትለቀቅ» ይላል። ሳብዝ አሊ ለእህቱ የሰፋውን ጫማ በጨርቅ ጠቅልሎ ወህኒ ቤቱ በር ሲደርስ የሐጂ ሚራጅ ፒክአፕ ከዛፉ ጥላ ሥር ቆሟል። ሐጂው ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ሱረቱን ይይዛል። ዒናያት ከኋላ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ሸንኮራ ይመጥጣል።

ምክትል አዛዡ ጀሃንዳድ ጠበቃዋን ሲያይ ከወንበሩ በከፊል ተነሳ፣ በከፊል ተቀመጠ።

«እንኳን ደህና መጡ ቢቢ! እርስዎ በመጡ ቁጥር ደም ግፊቴ ይነሳል።»

«ክኒንህን ዋጥና በሩን ክፈት።»

«ይከፈታል፣ ለዒድ ያልተከፈተ ለመቼ ይከፈታል? አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ናት። አሁን ትእዛዝ ስላለ የወንድምየውም ይበቃኛል፤ መጥቶ የለ? አውራ ጣቱን እዚህች ላይ ያሳርፍና ይዟት ይሂድ።»

«ትእዛዙን አንብበኸዋል?»

«አንብቤዋለሁ። የጻፈው ዳኛ ግን በር ላይ ቆሞ አያውቅም። ነገ አንድ ነገር ብትሆን "ለማን ሰጠሃት?" የምባል እኔ ነኝ።»

«ለማንም አልሰጠኋትም በላቸው። በግ ናት እንዴ?»

ሳብዝ አሊ ወደ ፊት ተጠጋ። «ቢቢ፣ ልፈርምና ትለቀቅ። ሐጂው ውጪ ነው ያለው።»

«አትፈርምም።»

«እህቴ እኮ ናት!»

«እህትህ ናት፣ ዕቃህ አይደለችም። አንተ ከፈረምክ ይህ ትእዛዝ መጠቅለያ ወረቀት ሆነ ማለት ነው፤ ከዛሬ ወዲያ እዚህ ውስጥ ወንድም የሌላት ሴት ሁሉ በሩን እያየች ታረጃለች። ዛሬ አንተ አታስፈልግም። ዳር ያዝና ቁም።»

አታስፈልግም! ሻይ የምታቀርበው ሴት ዘበኛ ትሪዋን ይዛ ቆማ እየሰማች! ሳብዝ አሊ ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ። ለሐጂው በር ላይ ቁም፣ ለእሷም ዳር ቁም። ያ «ከወንድ አትቆጠርም» አለው፣ ይህቺም በተማረ አፍ ያንኑ አለችው። ሥራውን ትቶ የመጣው፣ በመንደሩ መሳቂያ የሆነው፣ የሌላ ሰው እህት ለማስፈታት ነው? ወንድም የሌላቸው ሴቶች ለእሱ ምኑ ናቸው?

ጠበቃዋ ፍርድ ቤት ለመደወል ስልኳን ይዛ ወጣች፤ ያ ቢሮ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ስልክ አይሠራበትም። እያነከሰች በሩን ስታልፍ ጀሃንዳድ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስማ ወንድሜ። ቢቢ ስሟ በጋዜጣ እንዲወጣ ነው። አንተ ግን እህትህን ነው የምትፈልገው፣ አይደል? የዐስር ሶላት ሲደርስ ለዒድ እንዘጋለን። ከዚያ በፊት የምትመጣዋን የመጀመሪያ አውራ ጣት እቀበላለሁ። ያንተ ትሁን የሐጂው፣ ለእኔ ጣት ጣት ነው።» ወረቀቱንና የቀለሙን ሣጥን ገፋለት። «መጻፍ አትችልም መሰለኝ፤ ግድ የለም፣ ወረቀቱ ለእንዳንተ ዓይነቱ ነው የተዘጋጀው።»

ሳብዝ አሊ ጣቱን ቀለሙ ውስጥ ነከረ። ጣቱን ከወረቀቱ በላይ አንጠልጥሎ እያለ «መጻፍ አትችልም» ያለው ቃል ተመልሶ ወጋው። አልችልም? አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሬአለሁ! ለማንበብ ሳይሆን ማንበብ እንደሚችል ለማሳየት ብቻ አጎንብሶ ፊደሉን አንድ በአንድ ይለቅም ጀመር።

«ከላይ… ስሟ የተጠቀሰውን… ሴት… በመልካም ሁኔታ… ተረክቤያለሁ።»

ቆመ። እንደገና አነበበው።

«ተረክቤያለሁ?»

«አዎ፣ ተረክቤያለሁ ነው የሚለው። ፈርም።»

«ይህን ቃል ከየት አመጣችሁት? እኔ ከፋብሪካ ቆዳ ስቀበል የምፈርመው ይህንኑ ነው! "በመልካም ሁኔታ ተረክቤያለሁ።" ብስ የለውም፣ ቀዳዳ የለውም ማለት ነው። ቆዳ ናት እህቴ?»

«ቃል ምን ይሠራል? ታች ደግሞ ለወደፊት ለምታደርገው ሁሉ ተጠያቂ ነኝ ይላል፤ ዋናው እሱ ነው።»

«ማን ነው ተጠያቂው?»

«አንተ ነሃ።»

ቢሮው ከሴቶቹ ግቢ የሚለየው በአንዲት የብረት ፍርግርግ መስኮት ነው። ከመስኮቷ ወዲያ የሰው ትንፋሽ ተሰማ፤ ከዚያ ሻይስታ በሁለት እጆቿ ብረቱን ይዛ ብቅ አለች። ከስታለች። ሻሿ የእሷ አይደለም፤ የሆነች ሴት ለዛሬ አውሳታለች።

«ላላ» አለችው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ታላቅ ወንድሟን የምትጠራበት ነው። «ላላዬ፣ አትፈርም።»

«አንቺ ደግሞ! ያቺ ሴትዮ ነገረችሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። ጃና እዚህ ከኋላዬ ቆማለች። ቅጣቷን ጨርሳለች፤ ወንድሞቿ ሞተዋል፣ ልጅ የላትም። ማን ይፈርምላት? ከመቃብር ጣት ተቆርጦ ይምጣላት? አንተ ዛሬ ከፈረምክ ነገ "የሻይስታ ወንድም ፈርሞ የለ፣ ያንቺስ የታለ?" ይሏታል።»

«ሐጂው ውጪ ቆሞ ነው ያለው! ዒናያት ከነጠመንጃው ነው! ጃና ጃና ትይኛለሽ?»

«አውቃለሁ። ተኩሱን የሰማሁት እኔ ነኝ። ያ ሰው "የኔ ናት" ብሎ ተኮሰ። አንተ ደግሞ "የኔ ናት" ብለህ በቀለም ልትፈርም ነው። ደግ ሰው ስለሆንክ አንተን እወድሃለሁ፤ ግን የማንም ሆኜ አልወጣም።»

ከኋላዋ በሳል የታፈነ የአሮጊት ድምፅ፣ «እንዴት ያለ ምላስ ነው ያላት፣ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ትነሳናለች» አለ፤ ሴቶቹም ሳቁ። ሳብዝ አሊ ሳቅ ሲሰማ ወዲያው ያመዋል። ይህኛው ሳቅ ግን በእሱ ላይ አልነበረም። ለምን እንደሆነ ባያውቅም ከሑጅራው ሳቅ ይልቅ አናደደው፤ የተናደደው ግን በሴቶቹ አይደለም። ወንድም አጥታ እዚያ የምታስለውን አሮጊት ይዘው የሚያስቀምጡት፣ እሱን «መጻፍ አትችልም» የሚሉት፣ እናቱ በተቀበረች ሰሞን ከማዕድ ያስነሱት አንድ ዓይነት ሰዎች ናቸው። አፋቸው አንድ ነው፤ ልክ ለአንድ እግር በአንድ ፎርማ የተሠራ ጫማ ይመስላሉ።

በቀለም የጠቆረ አውራ ጣቱን ከወረቀቱ አራቀና በነጭ ቀሚሱ ደረት ላይ ጠረገው፤ አሸው። ለዒድ ያስጠበው ቀሚስ ነበር።

«አልፈርምም።»

«ምን አልክ?»

«ሰምተሃል። ለሐጂውም ንገረው፤ ጫማ ሠሪው አልፈርምም አለ በለው።»

ጀሃንዳድ ጠረጴዛውን በጥፊ መታ። «አንተ የማትረባ! እንግዲያው ሐጂውን እጠራዋለሁ!»

«ጥራው» አለች ሩክሻንዳ ቢቢ ከበሩ ላይ። መቼ እንደተመለሰች ማንም አላየም። «ጥራውና ዳኛው የከለከለውን ፊርማ በእኔ ፊት ተቀበለው። የወጣትነትህን በር ረስተኸዋል ጀሃንዳድ? ያኔ በረኛ ነበርክ። በሩን እግሬ ላይ የዘጋው ጓደኛህ ጡረታውን አጥቶ አሁን ገበያ ውስጥ በቆሎ ይጠብሳል። አንተም ጡረታህ ቀርቧል።»

«ያስፈራሩኛል?»

«አዎን።» ስልኳን ዘረጋችለት። «ውጪ ወጥተህ አነጋግር። የፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ነው፤ ሳትዘጋበት ውጣ።»

ጀሃንዳድ ስልኩን ይዞ ወጣ። በተከፈተው በር ሲያዩት መጀመሪያ እጁን ያወናጭፍ ነበር፤ ቀጥሎ እጁን አወረደ፤ ቀጥሎ የአንገቱን ቁልፍ ቆለፈ። ጠበቃዋ በዚህ መሀል በሳብዝ አሊ ደረት ላይ የተለጠፈውን ጥቁር ቀለም አየች፣ ባዶውን ወረቀትም አየች። «ጎበዝ» እንኳ አላለችውም። ሳብዝ አሊ ይህንንም ልቡ ላይ ጻፈው፤ ከቀደሙት በታች፣ በትንሹ።

ጀሃንዳድ ተመልሶ ገባ፤ ፊቱ እንደ ተላጠ ሽንኩርት ያበራል። ወንበሩን ሳበ፣ ብዕሩን ፈለገ፣ አጥቶ ከጆሮው ላይ አገኘው።

«ተረካቢ የሚለውን ቦታ ባዶ መተው አልችልም» አለ፣ እንደሚለምን ሰው። «ባዶ ከሆነ ወረቀቱ አይያዝም። ማንን ልጻፍ?»

«ሻይስታን ጻፍ» አለች ጠበቃዋ።

«እስረኛዋ ናት እኮ ሻይስታ!»

«ታዲያ ከእሷ የቀረበ ዘመድ ማን አላት?»

በሩ ተከፈተ። ሻይስታ ወጥታ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመች፣ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነከረች። «ከላይ ስሟ የተጠቀሰውን ሴት በመልካም ሁኔታ ተረክቤያለሁ» ሲል ጀሃንዳድ አነበበላት፣ እያጉረመረመ። «በመልካም ሁኔታ እንኳ አይደለም፣ ጥርሴ ተነቅሏል» አለችና ጣቷን አሳረፈች።

ሩክሻንዳ ቢቢ ገና ቀለሙ ሳይደርቅ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «አሁን ጃናን ጥራልኝ» አለች። «እሷም ጣት አላት።»

«ቢቢ፣ ለዒድ ልንዘጋ ነው!»

«እኔ እዚሁ ነኝ፤ ቆልፍብኝ።»

ሳብዝ አሊ ሊያመሰግናት አስቦ ነበር፤ እሷ ግን መነጽሯን አድርጋ ሌላ ወረቀት ማገላበጥ ጀመረች። እህቱን ይዞ ሊወጣ ሲል «ይዞ» የሚለው ቃል ራሱ አስጠላው። አብረው ወጡ በሉት።

ከበሩ ውጪ ጨርቁን ፈትቶ ጫማዎቹን አወጣ። የሰፋላት በልጅነት እግሯ ግምት ነበርና ትንሽ ጠበባት፤ «ይሰፋል፣ ቆዳው አዲስ ነው» አላት። እሷም አጎንብሳ ማሰሪያውን ቆለፈች። ፀሐዩ ዓይኗን ስለወጋት በእጇ ጋረደችው።

በአገሩ ልማድ ወንድ ከፊት፣ ሴት ከኋላ ነው። ሳብዝ አሊም ሳያስበው ቀድሞ ሄደ። ከዚያ ቆመ። አውቶቡስ መቆሚያው ከፊት ነው፤ ፒክአፑ ከኋላቸው ነው። ዒናያት ሸንኮራውን ጥሎ ጠመንጃውን ከጭኑ አንስቷል። ሳብዝ አሊ ዞረና እህቱን በክንዱ ወደ ፊት አሳለፋት።

«ቅደሚ።»

«ላላ፣ ሰው ያያል።»

«ቅደሚ አልኩሽ። ቀጥ ብለሽ ሂጂ፣ አትዙሪ።»

እሷ ከፊት፣ እሱ በጀርባዋ ልክ፣ ጥላው ጥላዋን እስኪሸፍን ተጠግቶ ሄዱ። የጋቢናው መስኮት ወረደ።

«እዩት! ኧረ እዩት የወንድሜን ልጅ!» አለ ሐጂ ሚራጅ፤ ከመንገዱ ማዶ ለዒድ ልብስ የሚገዛው ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ጮኾ። «ከሴት ኋላ የሚነዳ! አንተ ሳብዝ አሊ! መንገድ ሳትሳሳት ተከተላት፣ ከሳትክ እሷን ጠይቅ! ደረትህ ላይ ያለው ምንድን ነው፣ የጫማ ቀለም ነው? በር ላይ ጫማ ደርድር ስልህ ብትሰማኝ ኖሮ! ምነው፣ ዛሬስ አታለቅስም?»

ባጃጅ የሚጠብቁት ሰዎች ሳቁ። ሁለቱን በስም ያውቃቸዋል።

መልሱ ነበረው። ከዚያ ከሐዘኑ ቀን ጀምሮ ወስፌ በያዘ ቁጥር ሲስለው፣ ሲያላምጠው የኖረ መልስ ነበር፤ ስለ አምባሩ፣ ስለ መሬቱ፣ መቃብር ዳር ስላሉት ስም የለሽ ድንጋዮች፣ ሁሉም በየተራው የተሰደረ። ድምፁም ዛሬ አይሰነጠቅም። ለመመለስ ግን መዞር አለበት። ቆሞ ከዞረ ደግሞ እሷ ትቀድመውና ጀርባዋ ለዒናያት ጠመንጃ ባዶ ይሆናል።

የሻይስታ አዲሱ ጫማ በእያንዳንዱ እርምጃ ሲጥ ይላል። ሳብዝ አሊ ጥርሱን ነክሶ፣ ዓይኑን ከተረከዟ ላይ ሳያነሳ፣ ሳይዞር ሄደ።